የፒክአፗን አፍንጫ ያነሣሁበት ቅዳሜ

ፒክአፗ ከገዛኋት ቀን ጀምሮ ስትሰግድ ነው የኖረችው። ከእኔ በፊት የነበራት ሰው እህልና ሲሚንቶ እየጫነ በመሸንቲና በባሕር ዳር መካከል ሲመላለስባት፣ ከኋላ ጭነት እንዳያጎብጣት ብሎ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ብረት ደርቦላታል። ስትጫን ደኅና ናት፣ ቀጥ ትላለች። ባዶዋን ስትሆን ግን ቂጧ ወደ ሰማይ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት። ግሽ አባይ ሰፈራችን ውስጥ በበራችን ያለፈ ሁሉ «ዛሬም ስግደት ላይ ናት?» ይለኛል። «ምን ታድርግ፣ ኀጢአቷ በዛ» እላለሁ። እስቃለሁ። በዚያ ዓመት ሌላ የሚያስቀኝ ነገር ስላልነበረኝ በእሷ ነበር የምስቀው።

አባቴ አይስቁም ነበር። አባቴ በዘጌ መንገድ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ደብር ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ያስተምሩ ነበር፤ እኔንም ጭምር። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች «የኔታ» እላቸዋለሁ። «አባዬ» ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ማዕድ ላይ ብንሆን፣ ስታመም፣ እናቴን የቀበርን ዕለት እንኳ ሳይቀር «የኔታ» ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነውና ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ። ሰው እንደ ቆመ ያውቃሉ፤ ማን እንደሆነ የሚነግራቸው ግን ድምፁ ነው።

ዳሌያቸው የተሰበረው እኔ ቤት ነው። ልጄ ግቢያችን ካለው ማንጎ ላይ ወድቃ ስትጮህ፣ የኔታ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ሮጡ። እሷ ጉልበቷ ተልጦ እያለቀሰች ተነሣች። እሳቸው የበሩ ደፍ ጠልፏቸው ወደቁ፤ ያ ዳሌ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ግድግዳ እየያዙ ከአልጋ ወደ ማንጎው ጥላ፣ ከማንጎው ጥላ ወደ አልጋ ነው። ወደ ደብራቸው ልወስዳቸው አንዴ ሞክሬ ነበር። የፒክአፗ መቀመጫ ወደ ፊት ስላዘነበለ፣ ኮረኮንቹ ላይ ገና ከመድረሳችን ሰውነታቸው ሁሉ በታመመው ዳሌያቸው ላይ ተንሸራተተ። ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩና «መልሰኝ ልጄ፣ ይቺ መኪና ታፈሰኛለች» አሉኝ። መለስኋቸው። ከዚያ በኋላ ከግቢው አልወጡም።

እኔም አልወጣሁም ማለት ይቻላል። አስተማሪ ነኝ፣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ትምህርት ቤት። ባለቤቴ ሥራዋ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ ልጃችንን ይዛ ከሄደች ዓመት አልፏት ነበር። ልጄ በስልክ «መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለኝ «በቅርቡ» እላለሁ፤ የምትለው ስታጣ «ማንጎው ደረሰ?» ትለኛለች። በመጨረሻ ድሬዳዋ ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀብሎኛል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ለማን ብዬ እንደ ቆለፍሁ እኔም አላውቅም፤ ቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ የሠራሁትን ሥራ ሳልሸፋፍን ልናገር። ያሰብሁት የኔታን ለደብራቸው ንግሥ ወስጄ እዚያው ልተዋቸው ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ የእሳቸው ተማሪ ነበረ፤ በስልክ አነጋገርሁት፤ አንዲት ክፍል አለችን፣ እንጦራቸዋለን አለኝ። እኔ ግን ለራሳቸው ለየኔታ አልነገርኋቸውም። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልሁ፣ በየቀኑ አፌን ከፍቼ «ውኃ ላምጣልዎ?» እያልሁ ሰነበትሁ። ንግሡ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ከበሮው ሲመታ፣ በዚያ መሀል ብነግራቸው ይቀላል ብዬ ነው። ለማን ነው የሚቀለው? ለእኔ ነዋ!

እዚያ ለማድረስ ደግሞ ፒክአፗ ቀጥ ማለት አለባት።

መጀመሪያ የወሰድኋት ወደ አንድ ጋራዥ ነው። መካኒኩ አንዴ ጎንበስ ብሎ አየና «ከኋላ የተደረበውን ማውጣት ነው፣ አለቀ» አለኝ። እኔ መቼም አንድ ነገር ካልተወሳሰበ ሥራ አይመስለኝም። ጎደሎው ከፊት ነው፣ ማንሣት ያለብን የፊቷን ነው፣ ብዬ ስለ ክብደት ማዕከል ሳስተምረው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እንግዲያው መምህር፣ አንተው ሥራው» አለኝ። እልኸኛ ነኝ። አንተው ሥራው ካሉኝ እኔው እሠራዋለሁ። ከአዲስ አበባ የፊት ማንሻ ዕቃ አስመጣሁ። ዕቃው ሲታይ ምንም አይደለም፤ ሁለት ወፋፍራም የብረት ቀለበቶችና አንድ ከረጢት ብሎን ነው። ቀለበቱ ከፊት ሞላው አናት ላይ፣ በሞላውና በመኪናው አካል መካከል ይገባል፤ በዚያ መጠን አፍንጫዋ ከፍ ይላል። ስልኬ ላይ በቪዲዮ ያየሁት ሰውዬ ንጹሕ ጓንት አድርጎ፣ እያፏጨ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው።

ለንግሡ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀመርሁ። የዚያን ዕለት ከጀርባችን ያሉ አንዲት እናት ዐርፈው ሰፈሩ በሙሉ ወደ ቀብር ወጥቷል። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ዕድርተኛ ሆኜ ከቀብር ስቀር ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም እስኪመለስ ፒክአፗን ቀጥ አድርጌ በር ላይ አቁሜያት ሲያዩ ምን እንደሚሉ ነበር የማስበው። ሞኝነቴን አያችሁ?

የኔታ ከማንጎው ሥር ወንበራቸው ላይ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የጠዋት ጸሎታቸውን ጀምረዋል። ከእሳቸው እስከ ፒክአፗ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ስለ ጸሎታቸው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የኔታ ጸሎት ከጀመሩ ሰው አያናግሩም። አቋርጠው አንዲት ቃል ከተናገሩ ያሉት ሁሉ እንዳልተባለ ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። አስፈላጊ ነገር ሲመጣ አፋቸውን ሳይከፍቱ «እም» ይላሉ። በቤታችን ያደገ ሁሉ ይህን ቋንቋ ያውቃል። አጭሯ «እም» እሺ፣ ሂድ፣ ፈቅጃለሁ ማለት ናት። ረዥሟ «እምምም» ቆይ፣ ጠብቅ ናት። ሁለት ጊዜ ከተከታተለች ግን አርፈህ ተቀመጥ፣ ያለዚያ ስጨርስ ታገኛታለህ ነው። እኔ ስወለድ አዋላጇ ጸሎት ላይ አግኝታቸው «ወንድ ነው፣ እንኳን ደስ ያለዎ» ብትላቸው ያገኘችው አጭሯን «እም» ብቻ ነው እያለች እናቴ ታስቀን ነበር።

የግራውን በኩል ደኅና አድርጌ ጨረስሁ። እጄ ተላጠ፣ ሸሚዜ ቅባት በቅባት ሆነ፣ ሁለት ጊዜ ተሳደብሁ፤ ግን ጨረስሁ። ራቅ ብዬ ሳያት በአንድ ጎኗ ቀና ብላለች። ልቤ አበጠ። ወደ ቀኙ ዞርሁና የኋላ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፌ፣ አካሏን በደረብሁት ግንድ ላይ አሳርፌ፣ ጎማውን ፈታሁ። ቀለበቱን ከሞላው አናት ላይ ካስቀመጥሁ በኋላ የቀረው መካኒኮች ብራቾ የሚሉትን፣ ሞላውን ከሥር የሚሸከመውን ብረት በዘይት ክሪክ ወደ ላይ እየገፉ፣ የቀለበቱን ብሎኖች ከላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር ማገናኘት ነው። በቀኝ እጄ የክሪኩን ዘንግ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፣ በግራ እጄ ቀለበቱን እመራለሁ። አንዷ ብሎን ቀዳዳዋን ሳተች። ትንሽ ልግፋት ብዬ ጣቶቼን በቀለበቱና በአካሉ መካከል አስገባሁ፤ ዘንጉንም አንድ ጊዜ ጨመርሁበት። ያን ጊዜ ጠመም ብሎ የነበረው ሞላ ቀጭ ብሎ ተስተካከለና ወደ ላይ ዘለለ። ዘንጉ ከክሪኩ ወልቆ ተፈናጠረ። ሁለት ጣቶቼ እዚያው ቀሩ።

አልጮህሁም። መጀመሪያ ትንፋሼ ነው የጠፋው፤ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ። ስቤ ላወጣቸው ሞከርሁ፤ ዓይኔ ላይ ጨለማ መጣ። ክሪኩን ለማውረድ ከግርጌው ያለችውን ትንሽ ብሎን ማላላት ነው፣ ግን ብሎኗ በወዲያኛው በኩል ናት። ቀኝ እጄን ዘርግቼ በጣቶቼ ጫፍ ክሪኩን እነካዋለሁ፣ ብሎኗ ጋ ግን አልደርስም። ዘንጉ ከመኪናዋ ሥር ተንከባሎ ገብቷል። በእግሬ ብፈልገው ይባስ ገፋሁት። ተንበርክኬ፣ ግራ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ ጉንጬን የመኪናዋ ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ ቀረሁ። የሚያየኝ ቢኖር መኪናዋ የተወችውን ስግደት እኔ የጀመርሁት ይመስለው ነበር።

«የኔታ!» አልሁ።

«እምምም» አሉ። ረዥሟን። ቆይ ማለታቸው ነው።

ለምን «እጄ ተያዘ» እንዳላልሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ያን የማንጎ ቀን አስቤ ነው። ጩኸት ሲሰሙ ይሮጣሉ። ዐሥር እርምጃ፣ መሬቱ ላይ የበተንሁት ቁልፍና ብሎን፣ የተሸፈነ ዓይን፣ የተሰበረ ዳሌ። ከወደቁ እኔ እዚህ ታስሬ እያየሁ ማንሣት አልችልም። ስለዚህ ልጠብቅ አልሁ። የጸሎታቸው ክፍሎች አምስት ናቸው፤ ሕፃን ሆኜ በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ የትኛው ጋ እንደ ደረሱ አውቃለሁ። አራተኛውን መጀመራቸው ነበር። አራተኛው አንድ ድስት ሽሮ ተጥዶ እስኪፈላ ያህል ይወስዳል፣ አምስተኛው አጭር ነው። እችለዋለሁ አልሁ። ጥርሴን ነክሼ ከንፈሬን ከእሳቸው ጋር ማንቀሳቀስ ጀመርሁ። ከሃያ ዓመት በላይ አፌ ላይ ያልነበረ ነገር ከየት እንደ መጣ አላውቅም፤ አንዲት ቃል አላጠፋሁም። ጸሎት ነው ልል ግን አልችልም። ሰዓት ነው የቆጠርሁበት።

ኮፈኑ ላይ ያስቀመጥሁት ስልክ ጮኸ። ቅዳሜ ጠዋት የምትደውለው ልጄ ናት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ክንድ የሚሞላ ርቀት ነው፤ ግን ያ ክንዴ ተይዟል። እንደገና ጮኸ። «ቆይ ልጄ» አልሁት ለስልኩ፣ እንደ እብድ። አየሁት እኮ ያን ጊዜ፣ ኑሮዬን። ሁሉም ነገር በክንድ ርቀት ላይ ነው፤ እኔ ግን ከአንድ ቦታ ተቸንክሬያለሁ። ተናደድሁ። በመካኒኩ ተናደድሁ፣ ጓንት ባደረገው ሰውዬ ተናደድሁ። ከማንጎው ሥር በረጋው ድምፅ ላይም ተናደድሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ድምፅ ላይ የተናደድሁትን ያህል በሌላ በምንም አልተናደድሁም። እኔ እዚህ እየሞትሁ እሳቸው ቃል በቃል፣ ትንፋሽ በትንፋሽ ያነበንባሉ። ይሄ ድምፅ ነው ያሰረኝ አልሁ። ክሪኩ አይደለም።

አራተኛው ክፍል አለቀ። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ይላሉ። ጣቶቼ መደንዘዝ ጀምረው ነበር፣ የሚታየኝ የእጄ ጀርባም መልኩ ተለውጧል። ዝምታዋን ተሻምቼ ድምፄን በተቻለኝ አለዝቤ ጠራኋቸው። ምን ብዬ እንደ ጠራኋቸው ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«አባዬ» አልሁ። «አባዬ፣ ቀስ ብለው ይምጡልኝ። የምነግርዎ ነገር አለ።»

ዝም አሉ። «እም» እንኳ አላሉም። መቋሚያቸው ከጉልበታቸው ተንሸራቶ መሬት ሲነካ ሰማሁ። መጡ አልሁ፤ ተመስገን አልሁ። ከዚያ ድምፃቸው እንደገና ተነሣ። ሰማሁት፣ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አምስተኛው አይደለም። የአራተኛው መጀመሪያ ነው።

ዘነጉ አልሁ። በቃ፣ የኔታ ዘነጉ። በሕይወታቸው አንዲት ፊደል ስተው የማያውቁ ሰው የጠፋባቸው ዛሬ ነው፣ እኔ በተያዝሁበት ቀን! የጠፋበት ሰው ደግሞ መውጫ የለውም። አራተኛውን ይጨርሳሉ፣ ይዘነጋሉ፣ ይጀምራሉ። እኔ እዚህ ተንበርክኬ እስከ መቼ? ያን ጊዜ ፍርሃቱ መጣብኝ፤ የእጄ ብቻ አይደለም። ዓይናቸው ሄዷል፣ ዳሌያቸው ሄዷል፣ አሁን ደግሞ አእምሯቸው ከሄደ ማን ጋ ነው የምተዋቸው? ማንስ ይቀበለኛል? ድሬዳዋ ቀረች፣ ልጄ ቀረች፣ ከዚህ ግቢ አልወጣም። የግቢው አጥር ሲጠበኝ ታወቀኝ። የቀረው ጉልበቴ ጥሎኝ ሄደና እንደ ልጅ ጮህሁ።

«እጄን! የኔታ፣ እጄን ተይዣለሁ! እጄን!»

ጸሎቱ ቃል መሀል ላይ ተቆረጠ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

«የት ነህ?»

«በመኪናዋ በቀኝ በኩል። አይሩጡ! በእመቤቴ፣ አይሩጡ! መሬቱ ብረት አለበት!»

አልሮጡም። መቋሚያቸውን ከፊታቸው እያማቱ፣ ብሎኑን ወዲያ ወዲህ እየጠረጉ፣ የመኪናዋን ጎን ከኋላ ጀምረው እየዳበሱ መጡ። እጃቸው ራሴ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከራሴ ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ በክንዴ ወደ ላይ ተጓዘና ብረቱ ጋ ደረሰ። የደረሰበትን ሲያውቁት «እግዚኦ!» አሉ። ምን እንደሚያደርጉ ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን እንደ ሜንጦ አድርገው፣ በራሱ ጎባጣ ዘንጉን ከመኪናዋ ሥር ጎትተው አወጡት። ከዚያ በዚያ ዳሌያቸው፣ መኪናዋን ይዘው፣ እያቃሰቱ ከክሪኩ በወዲያኛው በኩል መሬት ላይ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ነው ሁለታችንም የተሳሳትነው። የኔታ ጠዋት ሙሉ የክሪኩን ድምፅ ሲሰሙ ቆይተዋል፤ ዘንጉ ከፍ ዝቅ ሲል መኪናው እንደሚነሣ ገብቷቸዋል። እኔ «ዘንጉን ክሪኩ ላይ ያድርጉት» ስላቸው ማረፊያውን በእጃቸው ፈልገው አገኙና፣ ልጃቸው ላይ የተጫነውን መኪና ሊያነሡልኝ በሙሉ ጉልበታቸው አንድ ጊዜ ወደ ታች ተጫኑት። ክሪኩ ከፍ አለ። ጣቶቼ ላይ። ያወጣሁት ድምፅ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም።

«ገደልሁህ! ወይኔ ልጄን ገደልሁት!»

«አልገደሉኝም... ተው... ይተዉት፣ ያውጡት ዘንጉን። ከግርጌው፣ ከሥር፣ ትንሽ ብሎን አለች። የዘንጉ ጫፍ ስንጥቅ አለው፣ እሷ ላይ ይግጠም። ከዚያ ወደ ግራ ያዙሩት።»

«ግራ በአንተ ነው በእኔ?»

«በእርስዎ! በእርስዎ ግራ!»

ሲገጥሙ ሳቱ፣ ሲገጥሙ ሳቱ፣ ገጠሙ። አዞሩ። ክሪኩ እፍ እያለ ወረደ፣ ሞላው ለቀቀ፣ እጄ ጭኔ ላይ ወደቀ። ጣቶቼ የእኔ አይመስሉም ነበር። የኔታ ጥምጥማቸውን ፈቱና በዳበሳ እጄን ጠመጠሙልኝ፤ ነጭ ሻሹ ላይ ደሙ ወዲያው መጣ። ባዶ ራሳቸውን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጸጉራቸው ሳስቶ፣ ራሳቸው ትንሽዬ ነበር።

ልንነሣ ሞከርን። የኔታ ዳሌያቸው እምቢ አላቸው። እኔ በአንድ እጄ ላነሣቸው ብሞክር አዞረኝ። ስለዚህ ዕቃው የመጣበት ካርቶን ላይ፣ ከፈታሁት ጎማ አጠገብ፣ መኪናዋን ተደግፈን ጎን ለጎን ቁጭ አልን። ሰው ከቀብር እስኪመለስ ሌላ ምንም ማድረግ አንችልም። ነፋሱ የሐይቁን ሽታ ያመጣል፣ ከውጭ አንዲት ባጃጅ አለፈች። የባጃጇ ድምፅ ሲርቅ የኔታ ተናገሩ።

«አራተኛውን ሁለት ጊዜ አልሁት።»

«ሰምቻለሁ። ግድ የለም የኔታ፣ ሰው ነዎት፣ ይዘነጋል።»

«አልዘነጋሁም» አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

«አባዬ አልኸኝ። ይኸን ሁሉ ዘመን የኔታ ስትለኝ ኖረህ ዛሬ አባዬ አልኸኝ። የምነግርዎ ነገር አለ አልህ። ልትነግረኝ ነው አልሁ። ከባለቤትህ ጋር በስልክ ስትነጋገር በመስኮቱ እሰማሃለሁ፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ? የንግሡ ዕለት እዚያው እተዋቸዋለሁ ስትላት ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቼ ይነግረኝ ይሆን እያልሁ እጠብቅሃለሁ። ዛሬ ስትጠራኝ ፈራሁ። ጸሎት ላይ ያለ ሰው አይናገርም፣ ቢነግሩትም አይመልስም። ከጨረስሁት መምጣቴ ነው። ስለዚህ እንዳልጨርሰው እንደገና ጀመርሁት።» መቋሚያቸውን ዳብሰው ያዙ። «አንተ እንዲህ ሆነህ እኔ ጸሎት ውስጥ ተደብቄ ነበር። ይቅር በለኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «እተዋቸዋለሁ» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉ በእሳቸው አፍ ሲመጣ ግን ለዕቃ የሚባል ቃል ሆነብኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አባቴ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ እንጂ የኔታ፣ እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም። እንባዬ መጣ። አያዩኝም ብዬ አላፈርሁበትም፣ ድምፄን ግን ዋጥሁት። እሳቸው ሰሙት መሰለኝ።

«አሁን ጸሎት ላይ አይደለሁም» አሉ። «ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። መሳቢያው ውስጥ ስላለው ደብዳቤ፣ ልጄ በየቅዳሜው ስለምትጠይቀኝ ጥያቄ፣ ከአስተዳዳሪው ጋር ስለ ተነጋገርነው፣ ስለ ክፍሏ። ፒክአፗን ቀጥ የማደርገው እዚያ ላደርስዎና ትቼዎት ልመለስ ነው አልሁ። ደክሞኛል አልሁ። እርስዎን ስጠላ ራሴን አገኘሁት፣ ዛሬ፣ አሁን፣ እዚህ ተንበርክኬ፣ አልኋቸው። ያን ሁሉ ስናገር እንደ ልጅነቴ ትምህርቴን ሳቀርብላቸው እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡኝ። አላቋረጡኝም። ጨርሼ መልሳቸውን ጠበቅሁ። በሩቅ ከቀብር የሚመለስ ሰው ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር።

«እም» አሉ።

አጭሯን ነው። ሂድ፣ ፈቅጃለሁ ማለታቸው ነው። ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ያችን ነበር፤ መጣችልኝ። ቀና ልል ስል ግን እጃቸው በጥምጥሙ የተጠቀለለውን እጄን ፈልጎ አገኘውና ጨበጠው። የተሰበሩት ጣቶቼ ላይ ነው የጨበጡት፣ አላወቁም። አልለቀቁኝም። ሰዎቹ የግቢውን በር እስኪከፍቱ ድረስ አልለቀቁኝም። ያመኝ ነበር፣ ዝም አልሁ።